የዓሣ እርባታ በጎንደርና በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር ተነሥቶ በደንቢያ ሜዳ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎርጎራ ሲደርስ ከጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ይቆማል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የዓሣ እርባታ ነገር በተነሣ ቁጥር አርሶ አደሩም፣ ነጋዴውም፣ ሥራ ፈላጊው ወጣትም የሚሰነዝሯቸው ሐሳቦች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹ ግማሽ እውነት ስለያዙ፣ ፍጹም ስሕተት ከሆነው ይልቅ ለማረም ያስቸግራሉ። ኩሬ ቆፍረው ገንዘባቸውንና ድካማቸውን ያጡ ሰዎችን ሳይ የሚያሳዝነኝ፣ ለኪሳራ የዳረጋቸው ስንፍና ሳይሆን መጀመሪያ ላይ የሰሙት ያልተሟላ ወሬ መሆኑ ነው።

«የዓሣ እርባታ ባሕር ያላቸው አገሮች ሥራ ነው።»

ይህ አመለካከት የመነጨው በቴሌቪዥን ከምናየው ነው፦ ኖርዌይ በባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ውስጥ ሳልሞን ታረባለች፤ ኢኳዶርና ታይላንድ በባሕር ዳርቻ ኩሬዎች ሽሪምፕ ያመርታሉ፤ በዛንዚባር ደግሞ ሴቶች ማዕበሉ ሲሸሽ ወርደው የባሕር አረም ይተክላሉ፣ ይሰበስባሉ። ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም በእርባታ ያገኘችው የዓሣና ሌሎች የውሃ እንስሳት ምርት 94.4 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሆነው የተመረተው ከባሕር ርቀው በሚገኙ ጣፋጭ ውሃዎች፣ ማለትም በኩሬ፣ በግድብና በሐይቅ ነው። በዚያው ዓመት የእርባታው ምርት በማስገር ከሚገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ።

ከባሕር ዳርቻ ሰዎች የምንማረው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በእስያና በላቲን አሜሪካ ብዙ የሽሪምፕ ኩሬዎች የተቆፈሩት በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ደን መንጥረው ነበር። ያ ደን የብዙ ዓሦች ጫጩቶች ተሸሽገው የሚያድጉበት ቦታ በመሆኑ፣ ኩሬው ለባለቤቱ ገቢ ሲያስገኝ ጎረቤቱ አስጋሪ ግን ባዶ መረብ ይጎትት ጀመር። በጣና ዳርቻ የማንግሮቭን ሥራ የሚሠሩት ደንገሉና ረግረጉ ናቸው፤ ቆረሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) የሚራባው ዕፅዋት ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነውና። ስለዚህ ደንገል ነቅሎ፣ ረግረግ አድርቆ በምትኩ የዓሣ ኩሬ መቆፈር፣ ኩሬው ምንም ያህል ቢያምር፣ ከአንዱ ቤት ወስዶ ለሌላው መስጠት ይሆናል። የኩሬ ቦታ ከረግረጉ ወጣ ብሎ ከእርሻ መሬት ላይ መመረጥ አለበት፤ ውሃ የሚይዘው የደንቢያ ዋልካ አፈርም ለዚህ ይመቻል።

«ጣናን የሚያህል ሐይቅ እያለ ዓሣ ማርባት ምን ያደርጋል?»

ከሁሉም በላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረውና እኔም ረዘም አድርጌ ልመልሰው የምፈልገው ይህን ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ገደማ፣ ከሁሉ ጥልቅ በሆነው ቦታም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስፋቱን አይቶ ሀብቱ የማያልቅ መስሎ የሚታየው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ለገበያ የሚወጡት ዋና ዋና ዓሦች ቆረሶ፣ አምባዛና በተለምዶ ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው ላቤዮባርበስ ናቸው። ነጭ ዓሣ ስንል አንድ ዓሣ የምንጠራ ይመስለናል እንጂ፣ ተመራማሪዎች በጣና ውስጥ ቢያንስ 15 ዝርያዎቹን ለይተዋል። አባይ ከሐይቁ ወጥቶ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚወረወር ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፤ እነዚህ ዝርያዎችም በዚያ ተነጥለው በሌላ የዓለም ክፍል በማይገኝ መልክ ተለያይተው አደጉ። ከእነርሱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው፣ በዚህ የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ ያልተለመደ ነገር ነው።

የነጭ ዓሣ ችግር ከመራቢያው ይጀምራል። ከዝርያዎቹ ግማሽ የሚጠጉት ለመራባት ሐይቁን ትተው በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ ንጹሕና ጠጠራማ በሆነ የወንዝ ወለል ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከነዚህ ወንዞች መካከል ጉማራና ርብ በምሥራቅ፣ መገጭና ድርማ ደግሞ በእኛ በጎንደር በኩል ይገኛሉ። ዓሣው በወንዙ አፍ ላይ በሚሰበሰብበት ሳምንት በዚያ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው ዕንቁላል የተሸከሙ እናቶችን ነው። በየጅረቱ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመበተን ዓሣን የማደንዘዝ ልማድም እናቱን፣ ጫጩቱንና ለዓሣው ምግብ የሚሆኑትን ነፍሳት በአንድነት ይጎዳል። ለዘመናት በደንገል ታንኳ ብቻ ይካሄድ የነበረው ማስገር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ተጨመሩ፤ በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥም በጥናት የተመዘገበው የነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜናዊው ዳርቻ የታየው እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ደግሞ ውሃውን ሸፍኖ ብርሃንና አየር በመከልከል፣ መረብ መጣያና ታንኳ ማሳለፊያ በማሳጣት ችግሩን አባባሰው። ጣና ሰፊ ነው፤ የማያልቅ ግን አይደለም።

«እንግዲያውስ ኩሬ ከበዛ ጣና ያርፋል።»

ያለፈውን የሰማ ሰው ወዲያው የሚደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፤ በቅን ልቡና የሚነገርም ስለሆነ ጥንቃቄ ያሻዋል። በኩሬ ማርባት የምንችለው ቆረሶና አምባዛን ነው። ወንዝ ወጥቶ ጠጠር ላይ የሚራባውን ነጭ ዓሣ ኩሬ አይተካውም። በተጨማሪም ኩሬ ያልያዘው፣ መሬትም የሌለው አስጋሪ፣ በተለይም ኑሮውን ከሐይቁና ከደንገሉ ጋር ያቆራኘው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ጎረቤቱ ዓሣ ስላረባ መረቡን አይሰቅልም። ስለዚህ እርባታው ሐይቁን የሚያሳርፈው ሁለት ነገሮች አብረውት ሲሄዱ ነው፦ በመራቢያው ወራት በድርማና በመገጭ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ መጠበቅ፣ እንዲሁም አስጋሪው ራሱ ከእርባታው ሥራ ድርሻ እንዲኖረው ማድረግ። ከወንዞቹ ላይ ጠጠርና አሸዋ ማውጣቱም እንደ መረቡ ሊታሰብበት ይገባል፤ ዓሣው ተጠብቆ መውለጃው ቢወሰድ ትርጉም የለውም።

«ኩሬ ቆፍሮ ውሃ መሙላት ይበቃል፤ ዓሣ ራሱን ያበላል።»

ብዙ ኩሬዎችን ያከሰረው ይህ አባባል ነው። ቆረሶ በእርግጥ በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ጥቃቅን አረንጓዴ ሕይወት ይበላል፤ ያም እንዲበቅል ኩሬው በላም ወይም በዶሮ ፍግ በመጠን ይዳበራል። መጠኑን ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ ክንድን ወደ ውሃው ቀጥ አድርጎ ሲያስገቡ፣ ውሃው እስከ ክርን ሲደርስ መዳፍ ከዓይን የሚሰወር ከሆነ ውሃው በቂ ምግብ ይዟል። መዳፉ ቶሎ ከተሰወረ ፍጉ በዝቷል፤ ጥርት ብሎ ከታየ አንሷል። ይህ ብቻውን ግን ለገበያ የሚሆን ዓሣ በጊዜው አያደርስም። የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ተቀላቅሎ በየቀኑ በሰዓቱ መሰጠት አለበት፤ በደንብ በተዘጋጀ መኖ እንኳ አንድ ኪሎ ቆረሶ ለማግኘት ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ መኖ ይፈለጋል። ላም ያለው ገበሬ ከብቱን ሳያይ እንደማይውል ሁሉ፣ የዓሣ ባለቤትም ኩሬውን ሳያይ መዋል የለበትም።

በተለይ መታየት ያለበት ጎህ ሲቀድ ነው። አረንጓዴው ሕይወት ቀን በፀሐይ አየር ይሰጣል፤ ሌሊት ግን ራሱ አየር ይወስዳልና በውሃ ውስጥ ያለው አየር ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ዓሦቹ በዚያ ሰዓት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ፣ ፍጉንና መኖውን አቁሞ ንጹሕ ውሃ ማስገባት የዚያኑ ዕለት ሥራ ነው። አምባዛ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል ይቋቋመዋል፤ ቆረሶ ግን በአንድ ንጋት ሊያልቅ ይችላል።

ሌላው የኪሳራ ምክንያት የቆረሶ መብዛት ነው። እናቲቱ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ወንድና ሴት ተቀላቅለው በተለቀቁበት ኩሬ በጥቂት ወራት ውስጥ ጫጩት ይሞላል፤ ሁሉም መኖውን ይሻማል፤ በመጨረሻም ኩሬው መዳፍ የማይሞሉ በሺህ የሚቆጠሩ ዓሦች ይይዛል። መፍትሔው በካሬ ሜትር ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መልቀቅ፣ ከተቻለ ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማርባት፣ አለዚያም ቆረሶው ጎርመስ ካለ በኋላ ጥቂት አምባዛ ጨምሮ ትርፉን ጫጩት እንዲበላ ማድረግ ነው።

«ጎርጎራ የሆነ ጎንደርም ይሆናል።»

ቆረሶ ከሁሉ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ውሃ ነው፤ ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ መብላቱን ይቀንሳል፣ እድገቱም ይቆማል። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጎንደር ከተማ ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ይህ ልዩነት በኩሬው ላይ ይታያል። በከተማው ዙሪያ ማርባት አይቻልም ማለት አይደለም፤ ከጎርጎራ በተገኘ የወራት ስሌት ብድር የሚወስድ ሰው ግን ዕዳው ከዓሣው ቀድሞ ይደርስበታል።

«ፈጣን የውጭ ዝርያ ብናስገባ ይሻላል።»

በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የገባው የናይል ፐርች የተባለ አዳኝ ዓሣ ከጊዜ በኋላ በመቶዎች ለሚቆጠሩ የሐይቁ ነባር ዓሦች መጥፋት ወይም መመናመን ምክንያት ሆኗል። «የእኔ በኩሬ ውስጥ ነው» የሚል ሰው የደንቢያን ሜዳ ክረምት ያስታውስ፤ ወንዞቹ ሞልተው ሲፈሱ ዝቅ ያለ ግድብ ያለው ኩሬ ከጎርፉ ጋር አንድ ይሆናል፣ ዓሣውም ጣና ይገባል። የጣና ቆረሶ ራሱ ተመራማሪዎች ለብቻው የለዩት ንዑስ ዝርያ ነው፤ ከውጭ ከመጣ ቆረሶ ጋር ከተዳቀለ ያንን የሚመልሰው የለም። በመሆኑም ጫጩት በሕጋዊ መንገድ፣ ከሐይቁ ዘር ካባዙ ማዕከላት መውሰድ ይገባል። ባሕር ዳር ያለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለዚህ አካባቢ ቅርብ ነው። የግድቡ ከፍታም ከጎርፉ ልክ በላይ መሆን አለበት።

«የእርባታ ዓሣ በሆርሞን ያደገ ስለሆነ አይበላም።»

በአንዳንድ ማፈልፈያዎች ጫጩቶቹ ሁሉ ወንድ እንዲሆኑ ሆርሞን በመኖ ይሰጣል። የሚሰጠውም ገና በተፈለፈሉ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ሲሆን፣ ዓሣው ለገበያ እስኪደርስ ባሉት ወራት ከሰውነቱ ይወጣል። ጥንቃቄ የሚሻው ማፈልፈያው ራሱ ነው፤ ሠራተኛው በባዶ እጁ እንዳይነካው፣ እጣቢውም ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ። በእኛ አካባቢ አንድ ገበሬ ወንዶቹን በእጁ አገላብጦ መለየት ስለሚችል፣ ሆርሞን ለአነስተኛ ኩሬ የግድ አይደለም።

«ኩሬ ወባ ያመጣል።»

ዳር ዳሩ ሣር የበቀለበት፣ ዓሣ የሌለበት ኩሬ ያመጣል። ቆረሶ ያለበትና ጠርዙ የተመነጠረ ኩሬ ግን የትንኝ ዕጭ ይበላበታል። ሣሩን ማጽዳት የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን ለመከላከልም ይረዳል፤ በሽታው በጣና ዳርቻ የታወቀ በመሆኑ ኩሬ ውስጥ የሚገባ ሰው ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማውን ሊረሳ አይገባም።

«ዓሣ ገበያ የለውም» ወይም «ምንጊዜም ይሸጣል»

እነዚህን ሁለቱን ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼ አውቃለሁ። እውነቱ በጾሙ አቆጣጠር ላይ ነው። በጎንደር የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው ሥጋና ወተት በሚቀርበት ጊዜ ሲሆን፣ በዐቢይ ጾም ግን ዓሣም የማይቀምሱ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ «ጾም ነው» ብሎ ሁሉንም ዓሣ በአንድ ሳምንት ማውጣት ዋጋ ይሰብራል። ጥሩ የሚሆነው ትልልቁን እየመረጡ በትንሽ በትንሹ ማውጣት፣ ከማውጣት በፊትም ከምግብ ቤቶች ጋር ቀንና መጠን መነጋገር ነው። ዓሣ ከውሃ በወጣ በጥቂት ሰዓት ይበላሻልና፣ በረዶ የሌለው ሰው የሚያወጣው ዓሣ ከጠዋቱ ጀምሮ እስከ ቀትር ሊሸጥ የሚችለውን ያህል ብቻ መሆን አለበት።