7ኛና 8ኛ ክፍል፦ የመምህራን ቁጥርና የተማሪዎች ድጋፍ በመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 7ኛና 8ኛ ክፍል ዛሬ «መካከለኛ ደረጃ» ይባላሉ። ስሙ አዲስ ቢመስልም አከፋፈሉ አሮጌ ነው። በንጉሡና በደርግ ዘመን እነዚሁ ሁለት ክፍሎች «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ተብለው ለብቻቸው ይቆጠሩ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አስረዘመውና በዚያው ዋጣቸው። አሁን ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት የሚለው አደረጃጀት ሲመለስ እነርሱም ተመለሱ። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ የተለየው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ግቢው፣ ርዕሰ መምህሩና የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ካሉት ጋር አንድ ናቸው።

ስለ መምህራን ቁጥር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው የመምህርና የተማሪ ጥምርታ ነው። በአንድ ክፍል ሊቀመጡ የሚገባቸው ተማሪዎች መለኪያ ለብዙ ዓመታት በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ሆኖ ቆይቷል። ጥምርታውና የክፍሉ ብዛት ግን አንድ አይደሉም፤ ሪፖርት የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። 50 ተማሪ ያለበት ክፍል በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ ቢማርና አንድ መምህር በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ቢያስተምር፣ ለክፍሉ 1.75 መምህር ስለሚያስፈልግ ጥምርታው 1 ለ 29 ገደማ ይሆናል። ሪፖርቱ ያማረ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመው መምህር ግን የሚያየው 50 ልጅ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ስሌት አለ። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ብዙውን ትምህርት ይዞ ስለሚውል ልጆቹን በስም፣ በባሕርይ፣ በጤና ጭምር ያውቃቸዋል። 7ኛ ክፍል ላይ በየ40 ደቂቃው መምህር ይቀያየራል። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት ያለው መምህር በ25 ክፍለ ጊዜ አምስት ክፍሎችን ይዞ 250 ተማሪ ያስተምራል። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በ24 ክፍለ ጊዜ 12 ክፍል፣ ማለትም 600 ተማሪ ይደርሰዋል። የ600 ልጅ ስም የሚይዝ መምህር ካለ ሊደነቅ ይገባዋል እንጂ ከሁሉም መጠበቅ አይቻልም።

የትምህርት ዓይነቶቹ መለወጥም ምደባውን አውኮታል። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተለያይተው ሲሰጡ ቆይተው በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «አጠቃላይ ሳይንስ» በሚል ተዋህደዋል። ለባዮሎጂ የሠለጠነው መምህር አሁን ስለ ኤሌክትሪክም ማስረዳት አለበት። የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ደግሞ ለደረጃው እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ለእርሱ ብሎ የሠለጠነ መምህር አልጠበቀውም፤ «ሎድ» (የሳምንት የክፍለ ጊዜ ድርሻ) ያነሰው መምህር እንዲሸፍነው ተደረገ። «መሸፈን» በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብዙ ነገር የተሸከመ ቃል ነው። የሙያ ደረጃው ነገርም አለ፦ በ1986ቱ ፖሊሲ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለማስተማር ዲፕሎማ፣ ከ9ኛ ጀምሮ ዲግሪ ይጠየቅ ነበር። አሁን አቅጣጫው ለመካከለኛ ደረጃም ዲግሪ ስለሆነ፣ ብዙ ዲፕሎማ ያላቸው መምህራን በክረምትና በቅዳሜና እሑድ ራሳቸው ተማሪ ናቸው።

ከመምህራኑ ሌላ ርዕሰ መምህር፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ የዩኒት መሪዎች (የተወሰኑ ክፍሎችን ክትትልና ሥርዓት የሚይዙ)፣ የቤተ መጻሕፍትና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ጥበቃና ጽዳት አሉ። ለክላስተሩ (ለተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) የተመደበ ሱፐርቫይዘርም ትምህርት ቤቶቹን እየዞረ ይጎበኛል።

የተማሪዎች ድጋፍ በእነዚሁ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው የወደቀው። የማጠናከሪያ ትምህርት ከክፍለ ጊዜ ውጪ ወይም ቅዳሜ ይሰጣል፤ በተለይ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ይጠናከራል። ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው የሚማሩበት የአካቶ ትምህርት መርህ አለ፤ ለዚሁ የሠለጠነ መምህርና የድጋፍ መስጫ ክፍል ያላቸው ግን የተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ናቸው። የሥርዓተ ፆታ ክበብ ደካማ ስም የተሰጠው ጠንካራ ነገር ነው፤ የወር አበባ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጃገረዶች የንጽሕና መጠበቂያ የሚያገኙትም፣ የሚያነጋግራቸው ሰው የሚያገኙትም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። የምክር አገልግሎት በአንጻሩ ከዲሲፕሊን ጋር ይቀላቀላል። ትናንት በማርፈዱ የቀጣውን የዩኒት መሪ ዛሬ የቤቱን ችግር ሊያዋየው የሚሄድ የ13 ዓመት ልጅ አይኖርም።

በአዲስ አበባ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከምገባ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ቁርስና ምሳ፣ ደንብ ልብስና ደብተር ማቅረብ ጀመረ፤ ምገባው እስከ 8ኛ ክፍል ይዘልቃል። ምግቡን የሚያዘጋጁት፣ አብዛኞቹ የአካባቢው እናቶች፣ በየትኛውም የመምህርና የተማሪ ጥምርታ ውስጥ አይገቡም። ማን ቁርሱን እንደተወ፣ ማን ሁለት ጊዜ እንደተሰለፈ ግን እነርሱ ያያሉ።

የሁሉ መገናኛ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ነው። የመቅረት መቆጣጠሪያ ይይዛል፣ የሌሎቹን መምህራን ውጤት ሰብስቦ ሮስተር (የክፍሉን የውጤት ሰንጠረዥ) ይሠራል፣ ካርድ ይሞላል፣ «ወላጅ ይዘህ ና» ይላል። ይህ ሁሉ በማስተማሩ ላይ የሚደረብ ነው። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ታሞ ይሁን፣ ሥራ ገብቶ፣ ወይም ቤተሰቡ የቤት ኪራይ አልችል ብሎ ሰፈር ለቆ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱ ነው፤ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም። የምደባ ቅጾች የሚጠይቁት መምህሩ የሠለጠነበትን ትምህርትና የክፍለ ጊዜውን ብዛት ነው፤ ለክፍል ኃላፊነቱ የሚሆን ጊዜ ግን አይቆጥሩም።

የ8ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራል። ይዞት የሚሄደው ካርዱንና መሸኛውን ነው። የክፍል ኃላፊው በሁለት ዓመት ስለ ልጁ ያወቀውን የሚጻፍበት መስመር በመሸኛው ላይ የለም።