ፖምፔ፦ የስሟ አመጣጥና የላቲን ርባታው

ፖምፔ በደቡብ ኢጣሊያ፣ በካምፓኒያ የነበረች ጥንታዊ ከተማ ናት። በ79 ዓ.ም. (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ቀበራት።

ስሟ ከሮማውያን አገዛዝ ይቀድማል። ነዋሪዎቿ ኦስክኛ (የላቲን ዘመድ የሆነ የጥንት ኢጣሊያ ቋንቋ) ይናገሩ ነበር፤ እዚያው በተገኘ የኦስክኛ ጽሑፍ ላይ የገንዘብ ሹሙ «ፖምፓያንስ»፣ ማለትም ፖምፔያዊ፣ ተብሏል። ብዙዎች ስሙን በኦስክኛ «ፖምፔ» እንደነበር ከሚገመተው «አምስት» ከሚለው ቃል ያመጡታል። ላቲን «ክው» የሚለውን ኦስክኛ «ፕ» ይለዋልና፦ «ማን» በላቲን «ክዊስ»፣ በኦስክኛ «ፒስ» ነው። አምስት መንደሮች ተዋህደው ይሆናል፤ ከአንድ ቤተሰብ ስም የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ሄርኩለስ ከብቶቹን በሰልፍ («ፖምፓ») ስለነዳባት ነው የሚለው የጳጳሱ ኢሲዶር ዘሴቪል ትረካ ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው።

በላቲን ስሙ ሁልጊዜ ብዙ ቁጥር፣ ተባዕታይ ነው፤ ግሡም በብዙ ቁጥር ይከተለዋል። ባለቤቱ «ፖምፔዪ»፣ ተሳቢው «ፖምፔዮስ»፣ አገናዛቢው «ፖምፔዮሩም» ይሆናል። የከተማ ስም መስተዋድድ ስለማይፈልግ «ፖምፔዮስ» ብቻውን «ወደ ፖምፔ» ማለት ነው። ተማሪን የሚያሳስተው «ፖምፔዪስ» ነው፤ «በፖምፔ»ም «ከፖምፔ»ም ስለሚሆን የሚለየው በግሡ ነው። ሮምን የመሰለ ነጠላ ስም ይህ ችግር የለበትም፦ «ሮማይ» በሮም፣ «ሮማ» (መጨረሻው ረዝሞ) ከሮም። ሌላው ወጥመድ የጦር አዛዡ ፖምፔዩስ ነው፤ የእርሱ ስም አገናዛቢ ከከተማዋ ስም ጋር አንድ ዓይነት ሊጻፍ ይችላል።

ይህ ወጥመድ ዋጋ አስከፍሏል። በ1689 «ደኩሪዮ ፖምፔዪስ» (በፖምፔ የከተማ ምክር ቤት አባል) የሚል ድንጋይ ሲገኝ የፖምፔዩስ ቪላ ነው ተባለ። «ፖምፔዩስ» የሚለው የሰው ስም ግን በነጠላ ቁጥር በ«ኢስ» የሚያልቅ ርባታ የለውም፤ የመጀመሪያ ዓመት የላቲን ሰዋስው ይበቃ ነበር። በ1748 ቁፋሮ ሲጀመርም ቦታው ስታቢያይ የተባለችው ሌላ የአካባቢው ጥንታዊ ከተማ መሰላቸው። ክርክሩን የዘጋው በ1763 የወጣው፣ «ፖምፔያኖሩም» (የፖምፔያውያን) የሚል ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ነው።

በ80 ቅ.ል.ክ. የሮም ጦር አዛዥ ሱላ ከተማዋን የሮም ሰፈራ ሲያደርጋት «ኮሎኒያ ኮርኔሊያ ቬነሪያ ፖምፔያኖሩም» ተባለች።

በ1928 የራሱን ማዘጋጃ ቤት ያገኘው የዛሬው ከተማ በጣሊያንኛ በመጨረሻው በአንድ «ኢ» ይጻፋል፤ የላቲኑ በሁለት ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ፖምፔ» ስለሚሆኑ «ጥንታዊቷ» ብሎ መለየት፣ አዛዡንም «ፖምፔዩስ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ይሻላል።