በጎጃም ከተሞች የቤት ግንባታ ክርክሮችና በግንባታ ወጪ ላይ ያላቸው ጫና

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ሌሎች የጎጃም ከተሞች የሚሰፉት በዙሪያቸው ወዳሉት የገጠር ቀበሌዎች በመሆኑ፣ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው መሠረት ሳይቆፈር ገና መሬቱ ሲለቀቅ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ገበሬው የሚሟገተው ስለ ይዞታ መብቱና ስለ ካሳው ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ከእርሻ መሬቱ ለዘለቄታው የሚለቅ ሰው የሚከፈለው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። ይህን የተካውና በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። ጤፍ ይዘራበት የነበረ ማሳና ጫት ወይም ማንጎ የያዘ ማሳ በዚህ ስሌት የሚያስገኙት ገንዘብ እጅግ ስለሚራራቅ፣ በካሳ ገማቾችና በባለይዞታዎች መካከል የሚነሳው ክርክር ዋና መነሻ የሰብሉ ዓይነትና የምርቱ መጠን ነው።

ይሁንና የካሳ ክርክር ግንባታን እምብዛም አያቆምም። ቅሬታው በመጀመሪያ ለቅሬታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ሲሆን፣ ሕጉ ይግባኝ የሚለው ባለይዞታ አስቀድሞ መሬቱን እንዲያስረክብ ያስገድዳል። ለአልሚው የሚያመች፣ ለገበሬው ግን የሚከብድ ሥርዓት ነው፤ ካሳው ቢሻሻልለት እንኳ ማሳው አይመለስለትም።

ግንባታን በእርግጥ የሚያስቆሙት በግለሰቦች መካከል የሚነሱት ክርክሮች ናቸው። ጎረቤት «ወሰኔ ተገፋ» ሲል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት የሁከት ይወገድልኝ ክስ፣ ማለትም በይዞታዬ ላይ የሚደረግብኝ ጣልቃ ገብነት ይቁምልኝ የሚል ክስ ያቀርባል፤ ይህ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ወራሽ ነኝ ባይ ደግሞ ካርታው ይሰረዝ ብሎ ይከራከራል፤ ምክንያቱም በዚሁ ሕግ ቁጥር 1195 መሠረት የባለሀብትነት ምስክር ወረቀት (ካርታ) የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ቢገመትም፣ ይህ ግምት በቁጥር 1196 መሠረት በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። በአማራ ክልል የገጠር ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ስለሚሰፍር፣ ያለ ፈቃዷ መሬቱ የተላለፈባት ሚስት የምታነሳው መቃወሚያም ክብደት አለው። በእነዚህ ሁሉ ከሳሽ ከክሱ ጋር የሚያያይዘው አቤቱታ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 እና 155 ላይ የተመሠረተ የእግድ ጥያቄ፣ ማለትም ክርክሩ እስኪወሰን ግንባታው ይቁም የሚል ጥያቄ ነው።

ወጪውን በዋናነት የሚያንረው እግዱ ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ የዳኝነት ክፍያና የጠበቃ አበል ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ብዙም አይደሉም። በሚያዝያ ወይም በግንቦት የመሠረት ጉድጓድ ተቆፍሮ ሳለ እግድ ቢመጣ ክረምቱ ይደርሳል፤ በዋልካ አፈር ላይ ከሆነ ጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ በበጋ እንደገና መቆፈርና የተመረጠ አፈር መሙላት ግድ ይሆናል። በመጋዘን የተከማቸው ሲሚንቶ እርጥበት ነክቶት ይጋግራል፤ ከኮለምኑ አናት የወጣው ፌሮ ይዝጋል፤ ለድጋፍ የቆመው ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ የዘበኛው ደመወዝ ግን በየወሩ ይከፈላል። በዚህ ላይ ፍርድ ቤቶች በክረምቱ መጨረሻ ለእረፍት ሲዘጉ የሚታየው አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ በመሆኑ፣ ቀጠሮው ወደ ጥቅምት ይሻገራል።

የዋጋው ንረት ደግሞ ለማንም አይጠብቅም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ከውጭ በሚገባ ጥሬ ዕቃ የሚመረተው ፌሮ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ ተወዷል። ከአዲስ አበባ አቅጣጫ የሚመጣው ጭነት የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በደጀን ስለሚገባ የትራንስፖርቱ ድርሻም ቀላል አይደለም፤ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። ኮንትራክተሩ ሥራውን ሲቀጥል በአሮጌው ዋጋ አልሠራም ይላል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ነው። አባላቱ በዝግ ሂሳብ ያስቀመጡት ገንዘብ መጠኑ እንዳለ ሆኖ የሚገዛው ብሎኬት ይቀንሳል፤ አባሉም በአንድ በኩል የቤት ኪራይ እየከፈለ በሌላ በኩል ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለግንባታ ማጠናቀቂያ እንደ ግንባታው ደረጃ ከ24 እስከ 48 ወራት ስለሚሰጥ፣ የታገደ ባለይዞታ ስለ ጊዜ ማራዘሚያም መጨነቅ አለበት።

በዚህም ምክንያት ብዙ የወሰን ጠቦች በሽማግሌ ያልቃሉ። አንድ ክንድ ለማትሞላ መሬት ገንዘብ መክፈል፣ ወይም አጥሩን ወደ ውስጥ መሳብ፣ አንድ በጋ ከመታገድ ይረክሳል። ዕርቁ በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ሲቀርብና ሲመዘገብ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ በቃል ብቻ የቀረው ግን አንደኛው ወገን ሲሞት ወራሾቹ እንደገና ሊያነሱት ይችላሉ።