ጄምስ ጋርፊልድ፦ ከጥይቱ ይልቅ ሐኪሞቹ የጎዱት ፕሬዚዳንት

በሥልጣን ላይ እያሉ የተገደሉ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች አራት ናቸው። ሊንከንንና ኬኔዲን የማያውቅ የለም። ማኪንሊንም ታሪክ የሚወዱ ያስታውሱታል። ጄምስ አብራም ጋርፊልድን ግን አሜሪካኖቹ ራሳቸው ረስተውታል ማለት ይቻላል። አይፈረድባቸውም። በ1881 ሥልጣን ላይ የቆየው ስድስት ወር ተኩል ብቻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያም ላይ የመጨረሻዎቹን 79 ቀናት ቆስሎ አልጋ ላይ ነው ያሳለፈው። ቢሆንም ዛሬ አብዛኛው የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኛ በችሎታው ተወዳድሮ የሚቀጠረው፣ ፓርቲ በተቀየረ ቁጥርም ጓዙን የማይጠቀልለው በዚህ ሰው ሞት ሰበብ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ጋርፊልድ በ1831 ኦሃዮ ውስጥ በግንድ በተሠራ ጎጆ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ። እናቱ ኤላይዛ አራት ልጆች ይዛ ቀረች። በ16 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ በቦይ ላይ የጭነት ጀልባ የሚጎትቱ በቅሎዎች መንዳት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የወባ ዓይነት ትኩሳት ጥሎት ወደ እናቱ ተመለሰ። ትምህርትን የሙጥኝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሃይራም በምትባል ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚከፍለው ስላልነበረው ክፍሎቹን እየጠረገ ተማረ። ብዙ ሳይቆይ እዚያው አስተማሪ ሆነ፣ በ26 ዓመቱ ደግሞ ኃላፊ። ላቲንና ግሪክ ያስተምራል፣ ይሰብካል። በእርስ በርሱ ጦርነት ጄኔራል ሆነ፣ ቀጥሎም 17 ዓመት ያህል ምክር ቤት ተቀመጠ።

የሰውየውን ጭንቅላት ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። የምክር ቤት አባል ሳለ፣ በ1876፣ የፓይታጎረስን ቲዎረም በራሱ መንገድ አረጋግጦ አሳትሟል። አንድ ማዕዘናቸው 90 ዲግሪ የሆነ ሁለት እኩል ጎነ ሦስቶች ወስዶ አንዱን ያቆማል፣ ሌላውን ያጋድማል፤ ጫፎቻቸውን በመስመር ሲያገናኝ ትራፒዚየም ይወጣል። ስፋቱን አንዴ በትራፒዚየም ቀመር፣ አንዴ ውስጡ ያሉትን ሦስት ጎነ ሦስቶች በመደመር ሲያሰላው ቲዎረሙ ቁጭ ይላል። ወረቀት ላይ ሞክሩት፣ ደስ ይላል።

መልአክ ግን አልነበረም። በ1872 በወጣ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ቅሌት ስሙ ተነሥቷል፤ አልወሰድኩም ብሎ ካደ፣ መራጮቹም መልሰው መረጡት። ተግባቢ፣ ሰው ወዳድ፣ አንደበተ ርቱዕ ነው ይሉታል፤ ወላዋይ ነው የሚሉትም ነበሩ። በጥቁሮች መብት ላይ ግን አልወላወለም። ሥልጣን ሲይዝ ባደረገው ንግግር ጥቁሮች ከባርነት ወጥተው ሙሉ ዜጋ መሆናቸውን ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ወዲህ ከመጡት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ነው ብሏል፤ ራሱ ከባርነት ያመለጠውን ፍሬድሪክ ዳግላስንም ለሹመት አብቅቶታል።

ለፕሬዚዳንትነት የታጨው ሳያስበው ነው። በ1880 ቺካጎ ላይ በተደረገው የሪፐብሊካን ጉባኤ የመጣው ጆን ሸርማንን ሊያስመርጥ ነበር። ተወካዮቹ ድምፅ ሰጡ፣ አልሆነም፤ ደገሙ፣ ሠለሱ፣ አሁንም አልሆነም፤ በ36ኛው ዙር ያሸነፈው ራሱ ጋርፊልድ ሆነ። በአገር አቀፉ ምርጫ ደግሞ ከዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ውስጥ ከ10,000 ባነሰ ልዩነት አለፈ።

ዋይት ሐውስ ሲገባ የጠበቀው የደጅ ጠኚ መዓት ነው። የዚያን ጊዜ የመንግሥት ሥራ የእከክልኝ ልከክልህ ነገር ነበር። ፓርቲህን ያስመረጥክ ፖስታ ቤት ወይም ጉምሩክ ይሰጥሃል፤ አንተም ከደመወዝህ ለፓርቲው ታዋጣለህ። የሁሉም ዓይን ያረፈው የኒው ዮርክ ጉምሩክ ላይ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሴናተር ሮስኮ ኮንክሊንግ እንደ ጓዳው ነበር የሚያየው። ጋርፊልድ የኮንክሊንግን ባላንጣ እዚያ ሾመበት። ሴናተሩ አኩርፎ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የኒው ዮርክ ምክር ቤት መልሶ ይመርጠኛል ብሎ ነበር፣ ሳይመርጠው ቀረ። ወላዋይ ነው ለሚሉት፣ እኔ ይህን ነው የምጠቅሰው።

ከደጅ ጠኚዎቹ አንዱ ቻርልስ ጊቶ ነው። ጥብቅናም ስብከትም ሞክሮ ያልሆነለት፣ አእምሮውም የተቃወሰ ሰው። ለጋርፊልድ አንዲት የምርጫ ንግግር ጽፎ ስለነበር ፓሪስ ቆንስል ሆኜ ልሾም ይገባኛል ብሎ ተመላለሰ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ ብሎ አባረረው። ጊቶም ፕሬዚዳንቱን አስወግድ የሚል ትእዛዝ ከእግዚአብሔር መጣልኝ አለና በብድር ሽጉጥ ገዛ። እጀታው የሚያምረውን የመረጠው ወደፊት ሙዚየም ሲገባ ያምራል ብሎ ነው! ጁላይ 2 ቀን 1881 ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዱ ክንዱን ጨረፈው፣ ሌላው በጀርባው ገባ። ጠባቂ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጋርፊልድ ራሱ ከወራት በፊት ግድያን እንደ መብረቅ ነው፣ መከላከል አይቻልም ብሎ ጽፎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ያናድዳል። ሕክምናውን የተቆጣጠረው ሰው የክርስትና ስሙ ሳይቀር ዶክተር ነው፤ ዶክተር ዊላርድ ብሊስ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሊስተር ስለ ጀርም ከጻፈ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ግን ብዙዎቹ አላመኑትም። ጥይቱን ፍለጋ ያልታጠበ ጣታቸውን ቁስሉ ውስጥ ደጋግመው ከተቱ። የስልኩ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ሠርቶ መጣ። ብሊስ ጥይቱ በቀኝ ነው ብሎ ስለወሰነ በቀኝ በኩል ብቻ አስፈተሸው፤ የፍራሹ የብረት ሽቦም መሣሪያውን አሳሳተው። ቁስሉ መገለ። 95 ኪሎ ገደማ የነበረው ሰው ወደ 60 ወረደ። ሴፕቴምበር ላይ የባሕር አየር ይሻለዋል ተብሎ ወደ ኒው ጀርሲ ሲወሰድ ሕዝቡ በአንድ ሌሊት እስከ ማረፊያው ደጃፍ ሐዲድ ዘረጋለት። ወሩን ግን አልጨረሰም፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን በ49 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ጥይቱ የተገኘው በግራ በኩል ነው፣ ሥጋ ሸፍኖት። ዝም ብለው ቢተዉት ኖሮ ይተርፍ ነበር የሚሉ ሐኪሞች ዛሬ ብዙ ናቸው።

የተካው ቼስተር አርተር የኮንክሊንግ ሰው ነበር፤ ራሱም የኒው ዮርክ ጉምሩክ አለቃ ሆኖ የተባረረ። ሆኖም ሕዝቡ በግድያው ተቆጥቶ ስለነበር በ1883 የፔንድልተንን ሕግ የፈረመው እሱ ነው። ሹመት በፈተና ይሁን፣ ለፓርቲ አላዋጣም ያለ አይባረር የሚል ሕግ ነው። መጀመሪያ የነካው ከአሥር ሥራ አንዱን ያህል ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሰፋ።

ጊቶ ፍርድ ቤት ቀርቦ እኔ ተኮስኩ እንጂ የገደሉት ሐኪሞቹ ናቸው ብሎ ተከራከረ። አልሰሙትም፤ ጁን 30 ቀን 1882 ተሰቀለ። ብሊስ በበኩሉ ለሕክምናው 25,000 ዶላር ይከፈለኝ ብሎ ጠየቀ። ኮንግረሱ 6,500 ሲሰጠው ተሰደብኩ ብሎ አልቀበልም አለ።