በመንግሥት መሥሪያ ቤት «ተደራሽነት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የሥራ ኃላፊ ስለ አዲሱ ሕንፃቸው በሬዲዮ ሲናገሩ «ለአካል ጉዳተኞች ሙሉ በሙሉ ተደራሽ ነው፤ መግቢያው ላይ ራምፕ አሠርተናል» አሉ። ጋዜጠኛው አመስግኖ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ይህን አባባል በምረቃ ንግግርም በሪፖርትም ስለምሰማው ዝም ማለት አልቻልኩም። ሥራዬ ሕንፃዎችን በዚህ ዓይን መፈተሽ ነው። ራምፑ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ በመሠራቱ ደስ ይለኛል፤ በእሱ ብቻ ተደራሽ ሆነናል ማለት ግን ባለጉዳዩን ይጎዳዋል።

ተደራሽነት የሚለካው ባለጉዳዩ በሚሄድበት መንገድ ነው። ከታክሲ ወርዶ፣ ጥበቃውን አልፎ፣ ወረፋ ይዞ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ከፍሎ፣ ማስረጃውን ተቀብሎ እስኪወጣ ድረስ ያለው ሁሉ አንድ መስመር ነው። የውሃ መስመርን አስቡት። ከገፈርሳ ግድብ እስከ ሰፈራችሁ ቧንቧው ተዘርግቶ ግቢያችሁ በር ላይ ሁለት ሜትር ቢጎድል ቤታችሁ ውሃ የለም። የተዘረጋውን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ «አብዛኛው ደርሷችኋል» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ አትሰሙትም።

ራምፑን ራሱን እንመልከት። የተለመደው መለኪያ 1 ለ 12 ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ 7.2 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ይፈልጋል ማለት ነው። በየቢሮው ደጃፍ የማየው ግን ብዙውን ጊዜ ቦታ ስላነሰ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ላይ የተቆረጠ ነው። በእንዲህ ያለው ላይ በእጁ ዊልቸር የሚገፋ ሰው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። 1 ለ 12 ራሱ የመጨረሻው ገደብ እንጂ የሚመረጠው ልክ አይደለም፤ ራምፑ ሲረዝምም በየ9 ሜትሩ ገደማ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ቁልቁለቱ የሚለካው ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ነው። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ክረምት ላይ ሲረጥብ ክራንች የያዘን ሰው ይጥላል። ደጋግሜ የምጽፈው አስተያየት ይኸው ነው።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624) በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ መግቢያ ለዊልቸር ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻለ ደረጃ መውጣት ለማይችልም እንዲመች አዝዟል። መጸዳጃ ቤትንም በስም ጠቅሷል። ያም ሆኖ ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የተሠራ መጸዳጃ ቤት የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ተቆልፎ አገኛለሁ። ቁልፉ ያለው ሰውዬ ደግሞ ምሳ ወጥቷል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ እግር ብቻ ነው። በሩን ያለችግር ያለፈች መስማት የተሳናት ሴት ተራዋ የሚጠራው በድምፅ ከሆነ ስሟ ሲታለፍ አታውቅም። ዓይነ ስውር ሠራተኛ ደብዳቤ በኮምፒውተሩ ሲደርሰው ሰነዱ በስካነር የተነሣ ፎቶ ከሆነ የስክሪን ማንበቢያው፣ ማለትም ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ምንም አያገኝበትም። በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ባልሆነ የቆየ ፎንት የተጻፈውማ ይብሳል፤ ለእኛ ዓይን አማርኛ የሆነው ለማሽኑ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው ማንበቢያ በነፃ ይገኛል፤ ኢስፒክ በተባለው የኮምፒውተር ድምፅም አማርኛ ያነባል። በዩኒኮድ መጻፍ ሲሚንቶም ጨረታም አይጠይቅም፤ የጸሐፊዎችን ልማድ መቀየር ብቻ ይበቃል።

እዚህ ላይ የሚቀርብልኝን መልስ አውቀዋለሁ። «አካል ጉዳተኛ ባለጉዳይ እኮ ብዙም አይመጣም፤ ሲመጣም ልጆቹ ደግፈው ያስገቡታል» ይባላል። የመጀመሪያው ክርክር ውሃ በሌለበት ቤት ማንም አይጠማም እንደማለት ነው። ሁለተኛው ጄሪካን ነው። ጎረቤት በጄሪካን ውሃ ቢያመጣላችሁ ውለታ ነው፤ ግን የምትጠጡት እሱ ሲመቸው ነው፤ ስንት እንደምትጠጡም ያውቃል። ስለ ፍቺዋ ወይም ስለ ሕክምና ማስረጃዋ የመጣች ሴት ጉዳይዋን በማታውቀው ጥበቃ ወይም በጎረቤቷ አፍ እንድታስረዳ ማድረግ አገልግሎት አይባልም። የሚደግፉትን ሰዎች ልብ አከብራለሁ። መሥሪያ ቤቱ ግን በእነሱ ደግነት ተከልሎ ግዴታውን መርሳት የለበትም።

ሌላው የሚያስቸግረኝ ተደራሽነትን ከ«ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ጋር መቀላቀል ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሁለቱን ለይቷል። ተደራሽነት ማንም ከመምጣቱ በፊት ለሁሉም የሚዘጋጅ ነው። ማመቻቸት ግን አንድ የታወቀ ሰው ሲመጣ እሱ በሚፈልገው ልክ የሚደረግ ነው፤ «ከአቅም በላይ ሸክም ነው» የሚለው መከላከያ የሚነሣውም እዚህ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጠያቂ ሲመጣ እንሠራዋለን» የሚል መሥሪያ ቤት ዋናውን የውሃ መስመር ሳይዘረጋ ወደ አንድ ቤት ስለሚገባው ቅጥያ ቧንቧ እያወራ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይደክማል፤ የቤቱን ቅጥያ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፣ ማመቻቸትን የሚከፍለው ግን ቀጣሪው ነው።

ለሠራተኛው ደግሞ በ2000 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ (ቁጥር 568) አለ። አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ይጠይቃል። ሕግ የተማረ ዓይነ ስውር ተቀጥሮ አንባቢም ኮምፒውተርም ሳይሰጠው ደመወዝ ብቻ እየተከፈለው ወንበር ላይ ሲውል እጅግ ያመኛል። ቅጥሩ በሪፖርት ላይ ይቆጠራል፤ ያ ሰው ግን የሚሠራው ፋይል የለውም፣ እድገት ሲመጣም «ምን ሠራህ?» ይባላል። ስምምነቱ ማመቻቸትን መንፈግ ራሱ አድልዎ ነው ይላል።

የሕንፃ ጉዳይ ለያዛችሁ የምለው ይህ ነው። ፍተሻውን ለምረቃው ቀን አታቆዩት። ዲዛይኑ ላይ እያለ የዓይነ ስውራንና የመስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበራትን፣ ዊልቸር የሚጠቀሙ ሰዎችንም ጥሩና ከፍላችሁ አማክሩ። ጊዜያዊ ርክክብ (ሕንፃውን ከኮንትራክተሩ መጀመሪያ የምትረከቡበት ጊዜ) ሲደርስ እነዚያኑ ሰዎች መልሳችሁ ጥሩና አንድ እውነተኛ ጉዳይ ከበር እስከ ማኅተም ያስጨርሱ። ሊፍት ካለ ከጄኔሬተር ጋር መገናኘቱን መብራት አጥፍታችሁ እዩ። ያልሠራው ሁሉ በጉድለት ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ፤ የኮንትራክተሩ መያዣ ገንዘብም ጉድለቱ እስኪታረም አይለቀቅ።