የኖራ ድንጋይ ምንድን ነው? ወንጪት ገደል ውስጥ ያለው የድሮ ባሕር

ወሎ ውስጥ፣ ደጎሎ ያደገ ሰው የወንጪት ወንዝን ገደል የሚያውቀው በእግሩ ነው። ሲወርድ ጉልበቱ ይብረከረካል። ሲወጣ ልቡ ደረቱን ይደበድባል። እኔ መጀመሪያ የወረድኩት ልጅ ሆኜ፣ ከአጎቴ ጋር ማሽላ ልንጭን ነበር። አህዮቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። አፋፉ ላይ ድንጋዩ ሁሉ ጥቁር ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ግን ገደሉ ነጣ። ነጭ፣ ግራጫ፣ አንዳንድ ቦታ ቢጫማ፣ እርከን በእርከን ሆኖ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምን ነጣ?» አልኳቸው።

«ኖራ ነዋ።»

«ኖራ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ የሚቀባው ነዋ! በል አህያዋን ንዳ።»

ግድግዳ የሚቀባ ነገር እንዴት ገደል እንደሚሆን ለብዙ ዓመት አልገባኝም። ጥያቄው ግን ከልቤ አልወጣም። ዛሬ መልሱን ስለማውቀው ለእናንተም ልንገራችሁ።

የኖራ ድንጋይ ማለት አብዛኛው አካሉ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባል ማዕድን የሆነ ድንጋይ ነው። ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩን ሁላችንም በእጃችን ይዘነዋል። የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዛጎልም እንደዚያው። በሃ ድንጋይ የሚሉትም አሉ። ራሱ «ኖራ» የምንለው ደግሞ ይህ ድንጋይ ሲቃጠል የሚገኘው ነጭ ነገር ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወንጪት ገደል ላይ የሚታየው ነጭ ድንጋይ የባሕር ወለል ነው። ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም። የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ወሎ፣ ሸዋና ጎጃም የምንለው አገር ዝቅ ያለ መሬት ነበር። ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ባሕር እየገፋ መጣና ሸፈነው። ብዙ ጥልቀት አልነበረውም። ሞቅ ያለ፣ ፀሐይ የሚገባው ባሕር ነው። ዛጎል ለባሽ እንስሳት፣ ኮራልና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ሞሉበት። ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወለሉ ላይ ይቀመጣል። በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ። ይህ ለሚሊዮን ዓመታት ቀጠለ። ከታች ያለው በላዩ ባለው ተጫነ፣ ጠጠረ፣ ድንጋይ ሆነ። በአባይ ሸለቆ ውስጥ የዚህ ድንጋይ ውፍረት በመቶዎች ሜትር ይለካል። ያን ሁሉ ያቆመችው ጣት የምታህል ቅርፊት መሆኗን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

ወንጪት ጀማ ውስጥ ይገባል፣ ጀማ ደግሞ አባይ ውስጥ። የሦስቱም ገደል አንድ ዓይነት ታሪክ ነው የያዘው። ታሪኩ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ከሥር አሸዋ ድንጋይ አለ። ባሕር ሳይመጣ ወንዞች ያመጡት አሸዋ ነው። ከሱ በላይ ጀሶ ይገኛል። ጨዋማው ውኃ ሲተን የተወው። ከዚያ ኖራው ይመጣል። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃና አሸዋ መልሶ አለበሰው። በአባይና በገባሮቹ ሸለቆ፣ ከዚህ ከላይኛው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ከሁሉም በላይ የተከደነው ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልቱ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ተሰንጥቃ የተፋችው የቀለጠ ድንጋይ ነው። ከሥሩ ካሉት ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው።

ታዲያ ተቀብሮ የቀረ ባሕር እንዴት ታየ? አገሩ ከፍ አለ፣ ወንዞቹ ቆረጡት። ሌላ ምስጢር የለውም። አንዳንድ ቦታ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ደሴና ቦሩ ሜዳ ያለ ሰው ይህን ነጭ ድንጋይ በደጁ አያየውም። እዚያ ባዛልቱ ወፍራም ነው፣ እስከ ኖራው የቆረጠ ወንዝም የለም። ጃማ ወረዳ ላይ ስንዴ የሚያጭድ ገበሬ ግን ዋልካው ላይ ቆሞ አሻግሮ ሲያይ፣ ማዶ ያለው ገደል ላይ ከእግሩ ሥር ያለውን ሁሉ ያያል።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ላንሳ፣ ለእኛ ለወሎዎች ቅርብ ነውና። በ1868 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የድንጋይ አጥኚ አብሮ መጥቶ ነበር። ጦሩ በሚያልፍበት መንገድ ያየውን ድንጋይ በየቦታው ስም ጠራው። የታችኛውን አሸዋ ድንጋይ በአዲግራት፣ ኖራውን በትግራዩ አንታሎ፣ ከላይ ያሉትን ጥቁር ድንጋዮች ደግሞ በአሸንጌና በመቅደላ። ዛሬም የዘርፉ ሰዎች የወንጪቱን ነጭ ገደል «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» ነው የሚሉት። ንጉሣችን የሞቱበት ዘመቻ ለድንጋዮቻችን ስም ትቶ ሄደ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስታና ሐዘን ይቀላቀልብኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትንም ልጥቀስ። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከኖራ ድንጋይ አይደለም። ያ ቀይ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ወሎ ውስጥ የባሕር ድንጋይ ማየት የሚፈልግ ሰው ከላስታ ይልቅ ወደ ጃማ፣ ወደ ከለላ፣ ወደ ወግዲና ቦረና የአባይ ዳርቻዎች ይውረድ።

ድንጋዩ ኖራ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባለፈው አገር ቤት ስሄድ አጎቴን ይዣቸው እስከ ነጩ እርከን ወረድኩ። አሁን አርጅተዋል፣ በዱላ ነው የሚሄዱት። አንድ ቁራጭ አነሳሁና በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ነጭ ዱቄት ወጣ። ሎሚ ጨመቅኩበት። ዱቄቱ ቸስ አለ። ጥቃቅን አረፋ ተንተከተከ። አጎቴ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይተነፍሳል እንዴ?»

በእርግጥም አየር ነው የሚወጣው። ሎሚው አሲድ አለው። አሲድ ካልሲየም ካርቦኔትን ሲነካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ያ አየር ከ160 ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ እዚያ ታስሮ የኖረ ነው። ከአፋፉ ያነሳሁትን ጥቁር ድንጋይም ፋቅኩና ጨመቅኩበት። ምንም የለም። ዝም አለ። አጎቴ ሎሚውን ከእጄ ወስደው ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ መሞከር ጀመሩ። ከምሳ በፊት ሎሚያችን አለቀ።

ይኸው ጠባዩ ነው የሸለቆውን ውኃ የሚወስነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል። ባዛልትን ብዙም አይጎዳውም። ኖራን ግን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ስንጥቁን ያሰፋዋል። ስንጥቁ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ዋሻ ይሆናል። በአገራችን ትልቁ ምስክር ባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ዌብ ወንዝ ኖራ ድንጋይ ሰርስሮ የሠራው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም። ኖራ ባለበት አገር ውኃ ከላይ ሰምጦ ሌላ ቦታ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ያ ውኃ የሟሟውን ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ቆላ ያሉ ዘመዶቻችን ጋ ሻይ ሲፈላ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ሳሙናውም አረፋ አልሰጥ ይላል። እንግዳ ሰው ሳሙናውን ይረግማል። ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም። ውኃው ውስጥ ያለው ኖራ ነው።

የገደል አገር ዋሻ ሰውም ይሸሽጋል። ከወንጪት ማዶ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት በሚባል ቦታ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በጣሊያን ጦር የመርዝ ጋዝ ተጨፍጭፈዋል። በዚህ አገር ገደል ላይ ቆሞ ስለ ድንጋይ ብቻ ማውራት አይቻልም።

እንስሳቱም ገደሉን ተከፋፍለውታል። አፋፉ የጭላዳ ነው። ቀን ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሣር በጣቱ እየነቀለ ይበላል። ሲመሽ የገደሉ ጠርዝ ላይ ወርዶ ያድራል፣ ነብርና ጅብ እንዳይደርሱበት። ከዓለም የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ከሱ በላይ አጥንት ከሰማይ ጥሎ፣ ድንጋይ ላይ ሰብሮ መቅኑን የሚበላው ትልቅ አሞራ ያንዣብባል። ዓለቱ ላይ ሽኮኮ ፀሐይ ይሞቃል። ሰስም በአራት ጣት ድንጋይ ላይ ቆሞ ያያችኋል። ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቁልቋልና ግራር ይበዛል።

እኔ ከሁሉ የምወዳት ግን አንዲት ቆቅ ናት። የምትገኘው በአባይ የላይኛው ሸለቆና እንደ ጀማ ባሉ ገባሮቹ ብቻ ነው። በ1899 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው ለሳይንስ የተመዘገበችው፣ ፈረንጆቹ የሃርውድ ቆቅ ይሏታል። ምንቃሯ ቀላ ያለ ነው፣ ደረቷ ላይ ሽንሽን የመሰለ ነጠብጣብ አላት። ቀን ወንዝ ዳር ባለው ቁጥቋጦና ረጅም ሣር ውስጥ ትሸሸጋለች። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ወደ ማሽላው ትወጣለች። ወንዝ ዳሩ ተመንጥሮ እስከ ውኃው አፍ ሲታረስ መግቢያ ታጣለች። ማሽላው አያጣላንም፣ የምትፈልገው ትንሽ ጥሻ ነው። ያችን ጥሻ ብንተውላት እንዴት ደስ ባለኝ።

ኖራ ለምን ይጠቅማል ከተባለ፣ ቤታችሁን እዩ። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ነጭ ኖራ ይቀራል። ንጹሕ ከሆነ ከ100 ኪሎ ድንጋይ 56 ኪሎ ነው የሚገኘው፣ ቀሪው አየር ሆኖ ይሄዳል። የተቃጠለው ኖራ ውኃ ሲነካው ይፍለቀለቃል፣ ይግላል። እጅ ያቃጥላልና ተጠንቀቁ። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ግንባቸውን ያያያዙት በኖራ ነው። ሲሚንቶም ያው ኖራ ነው። ድንጋዩ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፣ ቶሎ እንዳይደርቅ ደግሞ ጥቂት ጀሶ ይጨመርበታል። ኖራም ጀሶም እዚሁ ገደል ውስጥ አሉ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከጀማ አፋፍ ብዙም የማይርቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለገበሬው ግን ሳይቃጠል የተፈጨው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አፈሩ ዓመት ከዓመት እየታጠበ አሲዳማ ይሆናል። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ገብሱ ግን እንደ ቀጨጨ ይቀራል። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ይነገራል። መድኃኒቱ የኖራ ዱቄት ነው፣ አሲዱን ይሰብረዋል። ሎሚው ላይ ያየነው ቸስታ እርሻው ውስጥ በዝግታ ይሆናል ማለት ነው። የሚያስቸግረው ብዛቱ ነው። ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል ስለሚያስፈልግ ማጓጓዣው ገበሬውን ይከብደዋል። ድንጋዩ በተራራ ልክ ተከምሮ እያለ ዱቄቱ ማሳ አለመድረሱ ያንገበግበኛል።

ማየት ለሚፈልግ መንገዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ካለችው ከሙከ ጡሪ ተነስቶ በለሚ ወደ ጀማ ይወርዳል። ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። እንደገና ወደ ወንጪት ወርዶ ደጎሎ ላይ ወሎ ይገባል። ሁለት ገደል፣ አንድ ባሕር ሁለት ጊዜ። ጠዋት ውረዱ፣ ያኔ ብርሃኑ እርከኖቹን ለይቶ ያሳያል። ወንዙ ዳር ጥቁሩም ነጩም ጠጠር ተቀላቅሎ ተኝቷል። ነጩን አገላብጣችሁ እዩት። ዕድለኛ ከሆናችሁ የጥፍር ያህል ዛጎል፣ መስመሮቿ ሳይጠፉ፣ ድንጋዩ ውስጥ ታገኛላችሁ። ሎሚ በርከት አድርጋችሁ ያዙ።