ሐኪም ሲዝል፦ መከላከሉ ከሥራ ቦታው ይጀምራል

ሐኪም ከአዳር ወጥቶ፣ ተኝቶ ሲነሳ ከበረታ ተራ ድካም ነው። በርንአውት የሚባለው መዛል ግን በእንቅልፍ አይለቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክርስቲና ማስላክ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መለኪያ ሦስት ምልክቶች አሉት። አንደኛ፣ ስሜት ተሟጦ ያልቃል። ሁለተኛ፣ በሽተኛው ስም ያለው ሰው መሆኑ ቀርቶ "አልጋ ቁጥር 6" ይሆናል። ሦስተኛ፣ "ለፍቼ ምን አመጣሁ?" የሚል ስሜት ይከተላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ይህን በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ፣ ሥር ከሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው ብሎታል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ከሥራው ከመነጨ፣ ሐኪሙን "በርታ፣ ጠንከር በል" ማለት ብቻውን የትም አያደርስም።

የአሜሪካ ሆስፒታሎች የሥራ ሰዓትን ከመገደብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ በሳምንት በአማካይ ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ተወሰነ። እሱም ቢሆን ብዙ ነው። ደግሞ ሰዓት ብቻ አይደለም የሚያዝለው፤ በማይረባ ነገር የሚባክነው ጊዜም ነው።

ለዚህ በአሜሪካዋ ሃዋይ ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድረውን ሃዋይ ፓሲፊክ ሄልዝን ያህል ጥሩ ምሳሌ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሠራተኞቹን በሙሉ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ከኮምፒውተሩ የሕክምና መዝገብ ውስጥ የማይረባውን ጠቁሙን። አንዲት ነርስ የምትንከባከበው ጎረምሶችን ነው። መዝገቡ ግን ስለ እትብታቸው ይጠይቃታል! ጥያቄው ለአራስ ልጅ የተዘጋጀ ነበር፤ በስህተት በየትኛውም ዕድሜ ላለ ልጅ ይመጣል። አወጡት። ነርሶች በየሰዓቱ በሽተኛ ማየታቸውን ለማረጋገጥ የሚጫኑት ምልክትም ነበር። እሱን ሲያስቀሩት በአራቱ ሆስፒታሎች በወር 1,700 ያህል የነርስ ሰዓት ተረፈ። በሽተኛውን ማየቱ አልቀረም፤ የቀረው መጫኑ ነው። መፍትሔው የመጣው ሥራውን ከሚሠራው ሰው አፍ ነው።

የአሜሪካው ሜዮ ክሊኒክ ደግሞ ብቸኝነትን ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናቱ 74 ሐኪሞች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ለ9 ወራት በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ከሥራ ሰዓታቸው ላይ ተከፍሏቸው፣ በትንንሽ ቡድን ተወያዩ። ለበሽተኛ ያላቸው ግድየለሽነት ቀነሰ፤ ከዓመት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። በኋላ ነገሩ ቀለል ብሎ ማዕድ ሆነ። ከ6 እስከ 10 ሐኪሞች አብረው ይበላሉ፤ ስለ ሕክምና ስህተት፣ ስለ ሥራና ስለ ቤት ያወራሉ። ሂሳቡን ክሊኒኩ ይሸፍናል። አብሮ መብላት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ግን ማዕድ ደመወዝን አይተካም። በአገራችን የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ እስከማቆም የደረሱት የክፍያና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ይዘው ነው። ልጁን ማብላት ያሳሰበውን ሐኪም በውይይት ብቻ ማበርታት አይቻልም።

ሌላው እንቅፋት ፍርሃት ነው። ብዙ ሐኪም "ታከምኩ ብል ፈቃዴን እነጠቃለሁ" ብሎ ጭንቀቱን ይደብቃል። የኒውዮርኳ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ዶክተር ሎርና ብሪን በኮቪድ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። በስማቸው የተሰየመው የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ጸደቀ፤ ለጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና ድጋፍ ገንዘብ እንዲመደብ አደረገ። ቤተሰቦቻቸው የፈቃድ ቅጾች እንዲስተካከሉ መወትወታቸውን አላቆሙም። በርካታ ግዛቶችም "ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕክምና አግኝተህ ታውቃለህ?" የሚለውን ጥያቄ ከቅጹ ላይ አንስተውታል።